ከታች የተያዘው ቫልቭ

ይህን አንብባችሁ «ፈጠራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔና በእህቴ ላይ ሆኗል።

ደግሞ በውድቅት ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በወርክሾፓችን መስኮት ገብታ መፍቻዎቹ ላይ ታብለጨልጫለች። ጎረቤታችን ጎማ ሠሪው ሬዲዮውን ለቆ ከዘፋኙ እኩል ይጮሃል። በእንዲህ ያለ ሰዓት እፈራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው የለም።

ሥራዬ ቫልቭ መጠገን ነው። በተለይ ሴፍቲ ቫልቭ።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሴፍቲ ቫልቭ በቦይለር አናት ላይ የሚቀመጥ ክዳን ነው። ጠንካራ ሞላ ከላይ ይጫነዋል። ውስጥ ያለው እንፋሎት ከልኩ ሲያልፍ ሞላውን አሸንፎ ክዳኑን ያነሳና ጵሽ... ብሎ ይወጣል። በሰዓቱ ካልተነሳ ቦይለሩ ይፈነዳል።

ከዚያ ቀን ሳምንት በፊት፣ ከከተማው ማዶ ባለ አንድ ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቦይለር ፈንድቶ ነበር። ጣሪያው ሄዶ መንገድ ላይ ወደቀ። የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቦይለሩ ሠራተኛ።

«በረዶ» ነበር የምንለው። ቀኑን ሙሉ እሳት አጠገብ ውሎ አያልበውም፤ ቢሰድቡትም አይቆጣም። ለዚያ ነው ስሙ የወጣለት።

በረዶ የእህቴ እጮኛ ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናትና አባታችን ሲሞቱ እኔን ለማሳደግ ትምህርቷን ትታ ሥራ የገባች ሰው ናት። እሷም የቦይለር ሠራተኛ ናት። የምትሠራው የዚያው ድርጅት በሆነ ሌላ ማጠቢያ ቤት፣ ሆስፒታል ግቢ ጥግ ላይ ነው። ሁለቱ ቦይለሮች በአንድ ቀን የተገዙ መንትዮች ናቸው። ቫልቮቻቸውም እንደዚያው።

እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር። የበረዶ ቫልቭ ለምን እንዳልተነሳ ሳይታወቅ የእትዬ ቦይለር ቢለኮስ... አስቡት።

ድርጅቱም ፈርቶ የእሷን ቦይለር አጥፍቶ ነበር። ነገር ግን ሆስፒታሉ ንጹሕ አንሶላ አለቀበት። ስለዚህ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከፍርስራሹ የተገኘውን ቫልቭ ይዞ በዚያ ጠዋት ወደ እኛ መጣ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቫልቩ የተበላሸ ከሆነ የእትዬም ይቀየራል፤ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ቦይለሯ ዛሬውኑ ይለኮሳል።

ቫልቩን ያመጣው ከዚያው ፍርስራሽ በተገኘ አንሶላ ጠቅልሎ ነው።

አንሶላው እርጥብ ነበር። ከሳምንት በኋላም እርጥብ...

ደግሞ ሞቅ ይላል። ልክ ከሰው አልጋ ላይ አሁን የተነሳ ይመስላል። መኪና ውስጥ ፀሐይ መትቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ጋሼ የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቫልቭ ጩኸት ሲሰሙ ስለኖሩ ግራ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። ደንበኛ በክፍያ ሲከራከር ግራቸውን አዙረው ይቀመጣሉ፤ ተንኮለኛ ናቸው።

ቫልቭ ዝም ብሎ አይበላሽም። ወይ ከውሃው የሚመጣው ኖራ ክዳኑን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል፤ ወይ ሞላው ዝጎ ይሰበራል። ወይ ደግሞ የሰው እጅ ነው፤ እንፋሎት ባከነብኝ ብሎ ማንሻውን በሽቦ የሚያስር ጉደኛ አይጠፋም። እኔ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ፈለግኩ።

ምንም የለም።

ጋሼ በእጃቸው ያተሙት የእርሳስ ማኅተም እንኳ እንዳለ ነው። ከፈነዳ ቦይለር የመጣ አይመስልም።

«እንሞክረው» አሉ ጋሼ።

መሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት። ከኮምፕሬሰር የሚመጣ አየር ከታች እናስገባለን፤ የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ እያየን ቀስ በቀስ እንጨምራለን። ልኩ ላይ ሲደርስ መነሳት አለበት።

እኛ ወርክሾፕ አንድ የቆየ ቀልድ አለ። ቫልቭ ተነስቶ ጵሽ! ሲል ልክ እንደሚያስነጥስ ሰው ነው። ስለዚህ የሞከረው ሰው «ይማርህ» ይለዋል። ይህን ሳይሉ ቀጣዩን ቫልቭ ማሰር አይቻልም። ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም፤ ቀልዱን ራሳቸው ጀምረውት ራሳቸው ሕግ አድርገውታል።

አየሩን ጨመርኩ። ልኩ ላይ... ጵሽ!

«ይማርህ» አልኩት።

በድጋሚ ጨመርኩ። ልኩ ላይ... ጵሽ! ሥራ አስኪያጁም ሳቅ ብሎ «ይማርህ» አለ።

ሦስተኛውም ልኩ ላይ። ከልኩ ንቅንቅ አላለም። እንደዚህ ያለ ጤነኛ ቫልቭ ካየሁ ቆይቻለሁ።

«ይማርህ።»

አየሩን ዘጋሁ። ኮምፕሬሰሩም ጠፋ። ጎማ ሠሪው ሬዲዮውን ሊያስተካክል ነው መሰለኝ ዘፈኑን አቋረጠው። ለአፍታ ሁሉም ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከቫልቩ አፍ ቀስ ብሎ ትንፋሽ ወጣ።

«ያኑርህ...»

ክው ብዬ ቀረሁ።

የቀረ አየር ነው፤ አየር ሲወጣ ብዙ ዓይነት ድምፅ ያሰማል አልኩ ለራሴ። ጋሼን አየኋቸው። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየሁ።

ወደ ግራ ጆሯቸው... ወደማይሰማው።

ሥራ አስኪያጁ ምንም አልሰማም። ስልኩን አውጥቶ በር ላይ ቆሟል። ቫልቩ ሦስት ጊዜ በትክክል ሠርቷል፣ ችግሩ ከቫልቭ አይደለም፣ ለኩሱት ብሎ አዘዘ። እጄን ዘርግቼ ቆይ ልለው ነበር። ምን ብዬ? ቫልቩ አወራኝ ልበለው? አመስግኖን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሶፍት አምጣ።»

ይሄ የእኛ ዘዴ ነው። ቫልቩ በስሱ የሚያፈስ ከሆነ ለማወቅ ሶፍት በውሃ አርሰን አፉ ላይ እንለጥፋለን። ካፈሰሰ ሶፍቱ ወደ ውጭ ያብጣል። ካላፈሰሰ ዝም ይላል። ሌላ የሚሆነው ነገር የለም።

ለጠፍኩት።

ሶፍቱ ወደ ውስጥ ገባ።

በቀስታ... እስኪሰረጉድ ድረስ ገባ። ከዚያ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ ገባ።

«አየሩን ነቅለሃል?» አሉኝ ጋሼ።

«ነቅያለሁ ጋሼ። ቱቦው ይኸው እጄ ላይ ነው።»

ሶፍቱ ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ... እየተነፈሰ ነበር።

ጋሼ ሳያመነቱ ማኅተሙን ቆርጠው ቫልቩን ፈቱት። ሞላውን አወጡ፣ ክዳኑን አወጡ። ክዳኑን ገልብጠው ፀሐይ ላይ አዩትና ለእኔ ሰጡኝ።

ከታች በኩል ያለው ፊቱ፣ እንፋሎቱ የሚነካው ማለት ነው፣ ጠርዝ ጠርዙ ተቧጭሯል። አራት ጭረት ከወዲህ፣ አንድ ጭረት ከወዲያ። ጭረቱ ብረቱ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል፤ ሁሉም ወደ ታች የተሳበ ነው።

«ይሄ ቫልቭ አልተበላሸም» አሉ ጋሼ። «ሊነሳ ሲል... ይዘውታል።»

«ከየት?»

«ከታች ነዋ።»

ከታች ያለው የቦይለሩ ሆድ ነው። የፈላ ውሃና እንፋሎት እንጂ ሌላ ነገር የለበትም።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። እትዬ ቶሎ አነሳችው።

«እትዬ፣ ለኮስሽው?»

«ለኮስኩት። ሥራ አስኪያጁ ነው ያዘዘው።»

የምታወራው በሹክሹክታ ነበር። የቦይለር ክፍል ውስጥ ሰው አያንሾካሹክም፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ሁሌ እየጮኸች ነው ስልክ የምታነሳው። አሁን ግን ከኋላዋ ምንም ድምፅ የለም።

«ጌጁ ስንት ላይ ነው?» አልኳት።



«እየወጣ ነው። እሳቱን ካጠፋሁት ቆየሁ... ግን እየወጣ ነው።»

«ቫልቩስ? አልተነሳም?»

«አልተነሳም።»

«ታዲያ ለምንድነው የምታንሾካሹኪው?»

«እንጃ» አለች። «የሚሰማኝ ይመስለኛል።»

የጋሼ አሮጌ ፒክአፕ እንደዚያ ቀን ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ጋሼ ቀይ መብራት ላይ እንኳ አልቆሙም። እኔ እትዬን «ውጪ፣ ጥለሽ ውጪ» እያልኩ በስልክ እለምናለሁ። ሠራተኞቹን እንዳስወጣች ነገረችኝ። እሷ ግን አትወጣም። ከቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ወዲያ የሆስፒታሉ የሕሙማን ክፍል ነው፤ የማይንቀሳቀሱ ሰዎች ተኝተውበታል። እነሱን አውጡልኝ ብላ ለነርሶቹ ነግራለች። እስከዚያ ግፊቱን የሚቀንስ ሰው ያስፈልጋል አለችና ዘጋችው።

እንዲህ ናት። እልኸኛ!

ስንደርስ የማጠቢያው ሴቶች ሽርጣቸውን እንደታጠቁ በር ላይ ቆመዋል። ጋሼ ሕሙማኑን ለማስወጣት ሊረዱ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። እኔ ወደ ቦይለሩ ክፍል ሮጥኩ።

እትዬ የሐዘን ጥቁር ልብሷን ለብሳ ጌጁ ፊት ቆማለች። ስታየኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

የጌጁ ቀስት የአደጋውን ቀይ መስመር አልፎ ነበር።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እንዲያ የተጨነቀ ቦይለር ይንቀጠቀጣል፣ ቧንቧው ያቃስታል፣ የጌጁ ቀስት እንኳ አርፎ አይቀመጥም። ይሄ ቦይለር ግን ጸጥ ብሏል። ቀስቱ ሳይርገበገብ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ በዝግታ ወደ ላይ ይሄዳል።

ወደ ልብስ መተኮሻዎቹ የሚሄደውን እንፋሎት የሚመጥነውን መቆጣጠሪያ ቫልቭ አሳየችኝ። ጠቋሚው ሙሉ በሙሉ ክፍት ይላል። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቧንቧ በእጄ ጀርባ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። እንፋሎት አያልፍም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ብልሽት አውቃለሁ፤ ዘንጉ ከውስጥ ሲበጠስ ጠቋሚው ብቻውን ይከፈታል፣ መዝጊያው ግን ተዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ ይሄን እንደ ተራ ብልሽት ቆጠርኩት።

«የታችኛውን ማፍሰሻስ?» አልኳት በጆሮዋ።

«ከፈትኩት። ጠብ አይልም።»

ሁለት ቫልቭ በአንድ ጊዜ ከተበላሸ ዕድለ ቢስነት ነው። ሦስት ከሆነ ግን... ሦስት ከሆነ ሰው ነው የምትጠረጥሩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከእኔና ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

የቀረን ማንሻው ብቻ ነበር። ሴፍቲ ቫልቩን በእጅ ለማንሳት የታሰረበት ገመድ እስከ በሩ ድረስ ይደርሳል። እትዬ ብቻዋን ስትስበው እንደቆየች መዳፏ ይናገራል፤ ተልጦ ነበር። አሁን ሁለታችን ያዝነው።

«አንድ ላይ» አለችኝ።

ሳብን።

የተጣበቀ ነገር ሲስቡት ድርቅ ይላል። ይህን በሥራዬ በደንብ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ግን ትንሽ መጣልን... ከዚያ መልሶ ሳበን። እንደገና ስንስብ ለቀቅ አደረገ፣ ከዚያ መልሶ ሳበን። ጫማዬ ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል።

ከወዲያ ጫፍ ሰው ነበር። በምንም ልታሳምኑኝ አትችሉም፤ ሰው ገመድ ሲስብ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

እትዬ ገመዱን ለቀቀችው።

«ምን ሆነሻል? ያዢው እንጂ!»

ወደ ቦይለሩ ሄደች። ላስቀራት ፈለግኩ፤ ገመዱን ብለቀው ግን ቫልቩ ጨርሶ የሚያመልጠን መሰለኝ። ፊት ለፊቱ ቆማ የተላጠ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ያ ብረት እንቁላል ይጠብሳል። እሷ ግን እጇን አላነሳችም።

«አንተ...» አለች።

በዚያ ድምፅ ስታወራ የሰማኋት ከበረዶ ጋር ስልክ ስታወራ ብቻ ነው።

«ናፍቀኸኛል። ቀንም ሌትም ነው የምታስበኝ፣ አውቃለሁ። ግን አልመጣም።»

ቀስቱ ቆመ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁላችንም ስለ ብልሽት ስናስብ እሷ የምታስበው ስለ እሱ ነበር። ሊወስዳት መጥቷል ብላ አምናለች። እንባዬ መጣ። ከፍርሃቱ ይልቅ ይሄ ማመኗ ነው የጎዳኝ።

«ገና ነኝ» አለች። «ይሄን ልጅ ማን አለው? ከግድግዳው ወዲያም ሰው ተኝቷል። እባክህ... ልቀቀው።»

ምንም የለም።

ከዚያ ከቦይለሩ ሆድ ውስጥ፣ በብረቱ በኩል፣ አንድ ረጅም መተንፈስ ሰማሁ። ከመዳፏ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ...

ቫልቩ ተነሳ።

ጩኸቱ ጆሮዬን ደፈነው። እንፋሎቱ በጣሪያው ቧንቧ ወጥቶ ግቢውን ነጭ አደረገው። ቀስቱ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፣ ከቀዩ መስመር በታች ገባ። ማፍሰሻውም በዚያው ቅጽበት ውሃ መትፋት ጀመረ። ቀዝቃዛ የነበረው ቧንቧ ጠቅ ጠቅ እያለ ሞቀ። ሁሉም ቫልቮች እንደ ደህና ሰው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እትዬን ከኋላ አቅፌ ወደ ውጭ ጎተትኳት። ሁለታችንም ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን።

በኋላ ባለሙያዎች መጥተው ሁሉንም ቫልቭ ፈታተው አዩ። መቆጣጠሪያው ዘንጉ አልተበጠሰም። ማፍሰሻው አልተደፈነም። ሴፍቲ ቫልቩም ጤነኛ ነው። ጋሼ ብቻ ክዳኑን ገልብጠው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የዚህኛውን እንኳ እሱ ያዘው እንበል» አሉኝ ወደ መኪናው ስንሄድ። «የእሱን ግን... የበረዶን ቫልቭ ማን ያዘበት?»

ነገሩ አለፈ፣ እህቴ ተረፈች፣ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የሆስፒታሉ ነርስ እትዬን አልጋ ላይ አስቀምጣ የተቃጠለ እጇን ማከም ጀመረች። መጀመሪያ መዳፏን አየችው። የገመዱ ልጠት ብቻ ነው ያለበት፤ ያ ሁሉ የጋለ ብረት አልነካውም።

ከዚያ እጇን ገለበጠችው።

የተቃጠለው የእጇ ጀርባ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ የያዘሽ?» አለች ነርሷ።

የእጅ አሻራ ነው። ቀይ፣ ውሃ የቋጠረ፣ አምስት ጣት ያለው። አንድ ሰው ከፊት ለፊቷ ቆሞ እጁን በእጇ ላይ እንዳሳረፈ ጣቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ያመለክታሉ። ከፊት ለፊቷ የነበረው የቦይለሩ ብረት ብቻ ነው።

እኔ እትዬ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ወይም ትንሽ ትጽናናለች ብዬ።

እሷ ግን አሻራውን ትኩር ብላ ታያለች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ቀስ በቀስ ሲሸሽ አየሁ። ነርሷ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«የእሱን እጅ አውቀዋለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እሺ...»

«ይሄ የእሱ አይደለም።»

እጅጌዋን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ሰበሰበችው። የጋሼ ጥያቄ ትዝ አለኝ። የጣቶቹ ምልክት አንጓዋ ላይ አላበቃም። የሰው ጣት ከሚደርስበት አልፎ ክንዷን ይዞ ይወጣል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ እስከ ክርኗ ድረስ።